ኡባህ አዳማ የመጣች ጊዜ

ስልኩ ሲጠራ ሑስና ሱቋ ውስጥ ቆማ ሽቲ የሚባለውን ስስ የሴት ቀሚስ እያጣጠፈች ነበር። ሱቅ ይባል እንጂ ከመናኸሪያው ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች፣ ሁለት ሦስት ደንበኛ ከገባባት ባለቤቷ ውጭ ቆማ የምትሸጥባት ጠባብ ነገር ናት። የአዳማ ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሲነሳ አቧራውን ጠቅልሎ በበሯ ይለቀዋል፤ ሑስናም የሰቀለችውን ቀሚስ ሁሉ ስታራግፍ ትውላለች። የደወለውን ቁጥር አላወቀችውም።

«ሄሎ» አለች በአማርኛ።

«ሑስና፣ አባዮ፣ ድምፄን ረሳሽው እንዴ?» አለቻት ከወዲያ ያለችው ሴት በሶማሊኛ።

አልረሳችውም። ግን «አባዮ» ብሎ፣ እህቴ ብሎ የሚጠራት ካጣች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበርና አፏን ለመክፈት ጊዜ ወሰደባት። «ኡባህ?» አለች ቀስ ብላ፣ በዚያው ቋንቋ፤ ከጎኗ ያለችው ጫማ ሻጭ ዞር ብላ እንዳየቻትም ታወቃት።

ኡባህ የደወለችው ከጅግጅጋ ነው። ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል፤ ቀኙ ጭራሽ ጨልሟል፣ ግራው ከጥላ በቀር አያይም። አዳማ ጎበዝ የዓይን ሐኪም አለ ሲሏት «አዳማማ ሰው አለኝ» ብላ ለመምጣት ተነስታለች። ልጇ ኢፍራህ እጇን ይዛ ታመጣታለች።

«ማረፊያው ካስቸገረሽ ንገሪኝ፤ አልቀየምሽም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው? ቤትሽ አይደል እንዴ!» አለች ሑስና። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው ያ ቤት የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ትዝ ያላት።

ቤቱ ያለው ከከተማው ዳር፣ ከሶማሌ ክልል ለተፈናቀሉ ሰዎች ተብሎ በተሠራ ሰፈር ውስጥ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ባለ ሁለት ክፍል፣ ለሰልፍ እንደ ወጣ ተማሪ በመስመር የቆመ ቤት። መጀመሪያ የገቡ ሰሞን በሩን ከጎረቤቱ በር የሚለይ ሰው አልነበረም፤ ተሳስቶ የሰው ቤት ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ራቱን ሲጠብቅ የተገኘ አባወራ ነበር። ዛሬ ግን አንዱ ከጎኑ በቆርቆሮ ክፍል ቀጥሏል፣ አንዱ መስኮቱን አስፍቶ ሱቅ አድርጎታል፣ አንዱ ደጁ ላይ ፓፓያ ተክሏል። ልጆች ተወልደዋል። ልጃገረዶች ተድረዋል፤ ከተዳሩትም የቤት ኪራይ ያቃታቸው ባላቸውን ይዘው ወደ እናታቸው ቤት ተመልሰዋል። በሁለት ክፍል ሦስት ትውልድ ይተኛል። ሰፈሩ ለቀብርና ለሠርግ የሚረዳዳበት አፎሻ የሚሉት ማኅበርም አቋቁሟል፤ ያን ጊዜ የተጀመረው ጥቂት ሰዎች ለድንኳን መግዣ ባዋጡት ነው፣ ዛሬ ሰፈሩ በሙሉ አባል ነው።

የባጃጅ ሾፌሮች ፌርማታውን «ተፈናቃይ» ይሉታል። «ተፈናቃይ ጋ ወራጅ አለ?» ሲባል የሑስና ልጅ ሰብሪና መልስ አትሰጥም። አንድ ፌርማታ ቀድማ ትወርድና ቀሪውን በእግሯ ትመጣለች። «እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ አቦ! ምንድነው እድሜ ልክ ተፈናቃይ?» ትላለች። ሲፈናቀሉ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች፤ አሁን ኮሌጅ ገብታለች።

በሑስና ቤት የሚኖሩት አምስት ናቸው። እሷ፣ ልብስ ሰፊው ባሏ ጠሃ፣ ሰብሪና፣ የጠሃ ወንድም ልጅ ሱሃይላ፣ እና የጠሃ እናት አዮ ሻሼ። አዮ ማለት እናት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራቸው። አዮ ሻሼ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ ቢሆንም በቤቱ የጸና አንድ ሕግ አላቸው። እሳቸው ባሉበት ሶማሊኛ አይነገርም።

ሕጉ የመጣው ታናሹ ልጃቸው ጃራ ከሞተ ወዲህ ነው። ጃራ ሚስቱ በወሊድ ሞታበት ሱሃይላን ከእናቱ ጋር የሚያሳድግ፣ በጅግጅጋ ከተማ ሌላኛው ጫፍ ሱቅ የነበረው ሰው ነው። በኦሮሞዎች ላይ ግርግሩ የተነሳ ቀን ሱቁን ዘግቶ እናቱንና ልጁን ሊያወጣ ወደ ቤት ሲሮጥ መንገድ ላይ ቀረ። አዮ ሻሼ በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ሰዎች መጥተው እስኪጎትቷቸው ድረስ ጠበቁት። ከዚያ የሦስት ዓመቷን ሱሃይላን አዝለው ከሚሸሸው ሰው ጋር ወጡ። ጠሃና ሑስና ያገኟቸው ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ሐረር አጠገብ መጠለያ ውስጥ ነው። ያኔ ጠሃ በደስታ በሶማሊኛ «ሆዮ!»፣ እናቴ ብሎ ሲጠራቸው፣ «በዚያ ቋንቋ ሁለተኛ እንዳትጠራኝ» አሉት። አለቀ።

ለጠሃና ለሑስና ግን ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሁለቱም ጅግጅጋ ተወልደው ያደጉ፣ ኦሮምኛን ከወላጅ፣ ሶማሊኛን ከመንገድ የጠጡ ናቸው። የተጫጩት በሶማሊኛ ነው። ዛሬም ሲጣሉ በኦሮምኛ ይጣላሉ፤ ሲታረቁ፣ አዮ ሻሼ መስጊድ ሄደው እንደሆነ፣ በሶማሊኛ ይታረቃሉ።

ያን ቀን ማታ፣ ራት ቀርቦ ሁሉም ትሪው ዙሪያ ሲቀመጥ ሑስና ነገሩን አነሳችው።

«እንግዳ ሊመጣብን ነው። ኡባህ ናት፤ ከጅግጅጋ።»

ጠሃ ወደ አፉ ያደረሰውን የባሪስ ሩዝ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው። ሰብሪና እናቷንና አያቷን እያፈራረቀች አየች።

«የቷ ኡባህ?» አሉ አዮ ሻሼ፣ የቷ እንደሆነች እያወቁ።

«ግንብ የምንጋራት ጎረቤታችን። የደበቀችን።»

አሮጊቷ እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ በተለመደው ዝግ ያለ ድምፃቸው፣ «ልጄ፣ እኔ አንቺን አልከለክልም። ቤቱ የባልሽ ነው። እሷ በዚህ በር ስትገባ ግን እኔ እወጣለሁ» አሉ።

ሑስና በምራትነት የኖረችላቸውን ዓመታት አሰበች። እሳቸውን እምቢ ብላ አታውቅም። ሱሃይላን አዝለው ያን ሁሉ መንገድ የመጡ ሴት ናቸው፤ እምቢታ አይገባቸውም። በሌላ በኩል ደግሞ ያ ቀን መጣባት። የኡባህ የኋላ ክፍል። የእህል ጆንያ። ሰብሪናን አፏን አፍና እቅፏ ውስጥ ያስቀመጠችበት ጨለማ። ዱላ የያዙት ሰዎች ሲመጡ ኡባህ ሻሿን ፈትታ፣ ፀጉሯን በትና ደፉ ላይ ተቀመጠችና «ልጄ ምጥ ላይ ናት፤ ምጥ ቤት የምትገባው የቱ ወንድ ነህ?» ብላ ጮኸች። ገና በአሥራ አንድ ዓመቷ ኢፍራህ ውስጥ ተኝታ፣ ምጥ ምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ እንደ ምጥ አቃሰተች። ሰዎቹ ሄዱ። ጎህ ሲቀድ የኡባህ ባል በጭነት መኪናው፣ ከጆንያ ሥር አድርጎ፣ ከከተማው አወጣቸው።

«አዮ፣» አለች ሑስና፣ «ቢወጡብኝ አዝናለሁ። ግን ትመጣለች።»

ጠሃ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ዝም ማለቱ ከእሷ ጋር መቆሙ እንደሆነ ሑስናም ገባት፣ እናቱም ገባቸው።

አዮ ሻሼ የኡባህን መምጣት ሳይጠብቁ ጓዛቸውን ጠቅልለው የሄዱት ሩቅ አይደለም፤ ሁለት መስመር አለፍ ብሎ፣ የአፎሻው ሰብሳቢ ኢዩ ቤት ነው። ኢዩ ጅግጅጋ ሻይ ቤት የነበረው፣ በሽሽቱ ጊዜ በተመታ እግሩ የሚያነክስ ሰው ነው። በማግስቱ ሱቅ ድረስ መጣ።

«ሑስና፣ ነገር ልፈልግሽ አልመጣሁም። ሰፈሩ ግን እያወራ ነው። አሮጊት ከቤቷ አስወጣች እንዴት ይባላል? ያውም ለማን?»

«እኔ አላስወጣኋቸውም።»

«ሰው የልብ ቁስል አለው እኮ።»

«እኔስ? ሰብሪና በሕይወት ያለችው በእሷ ነው» አለች ሑስና። «አንተም ጠሃም እኔም ብዙ አጥተናል። ያላጣሁትን ያተረፈችልኝን ሴት ግን ከበር አልመልስም።»

ኢዩ ነፋሱ የጣለውን ሽቲ ከመሬት አንስቶ፣ አራግፎ ሰጣትና እያነከሰ ሄደ።

ኡባህ ረፋድ ላይ ደረሰች። ሑስና መናኸሪያ ሄዳ ስትጠብቃት ያቺን ባለ ሰፊ ትከሻ፣ ሳቋ ግንብ የሚያልፍ ሴት ነበር የምትፈልገው። ከአውቶቡሱ የወረደችው ግን የከሳች፣ እግሯን አየር ላይ እየፈለገች የምትረግጥ ሴት ናት። ባሏ ሞቷል። ያን ጊዜ ወንድሟም በፊናው ቤቱን ጥሎ የሸሸ ነው፤ ሶማሌ በመሆኑ ሐረርጌ ውስጥ ከሚኖርበት ከተማ ልጆቹን ይዞ ወጥቶ እሷ ቤት ገባ፣ እስካሁንም እዚያው ነው። ይህን ሁሉ የነገረቻት ባጃጅ ውስጥ፣ የሑስናን ፊት በጣቶቿ እየዳበሰች ነው።

«ወፍረሻል፣ ማሻአላህ» አለቻት።

«አዳማ ነዋ! ሙቀቱ ነው እንጂ ምግቡስ አይወራም።»

ሁለቱም ሳቁ። ኢፍራህ ግን አልሳቀችም። ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ሆናለች፤ ሰፈሩ ስትገባ ሰው ከየበሩ ብቅ እያለ ሲያያት ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። «እዚህ ሁሉም ይጠላናል?» ብላ ለሰብሪና በአማርኛ ስትጠይቃት፣ ሰብሪና «አይ፣ እኔንም እኮ ቀሚስሽ አጠረ ብለው እንዲሁ ነው የሚያዩኝ» አለቻት። ያን ቀን ሁለቱ ልጆች አንድ ፍራሽ ላይ ተኙ።

ሐኪሙ ቀኙን ዓይን ቀድሜ እሠራለሁ፣ ግራው ሌላ ጊዜ ይደርሳል አለ። ቀጠሮው እስኪደርስ ኡባህ ጠዋት ጠዋት ደጅ፣ ቤቱ በሚጥለው ጥላ ሥር ትቀመጣለች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎረቤት ሁሉ እንዳላየ አለፈ። ልጆቹ ብቻ ቆም እያሉ አዩዋት።

መጀመሪያ የመጣችው የኢዩ ሚስት ናት። ሑስና የጨው ብድር ፍለጋ መስሏት ነበር። ሴትዮዋ ግን ቆማ ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ለስምንት ዓመት ገደማ ባልተናገረችው ሶማሊኛ ጠየቀች።

«ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት... ታውቂዋለሽ?»

«የሻይ ቤቱ ኢዩ ቤት?» አለች ኡባህ። «አውቀዋለሁ እንጂ።»

«ሎሚዋ አለች?»

«ዓይኔ ሳይጠፋ ነበረች። አሁንም ሳትኖር አትቀርም፤ በዚያ ሳልፍ ይሸተኛል። ልጆች ያሉት ሰው ነው የገባበት፤ ጫጫታቸው መንገድ ድረስ ይሰማል።»

የኢዩ ሚስት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሑስና የምታለቅስ መስሏት ነበር፤ ሴትዮዋ ግን፣ «ውሃ ያጠጧታል ማለት ነው» ብቻ አለች።

ከዚያ በኋላ መምጣት ነው። አንዷ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ልትጠይቅ፣ አንዷ ሸሽታ ስትወጣ ቁልፍ የሰጠቻትን ጎረቤቷን፣ አንዱ ሽማግሌ የአባቱን መቃብር አጥር። ኡባህ የምታውቀውን ትነግራለች። የማታውቀውን አላውቅም ትላለች፤ የሞተውን ሞቷል ትላለች። ተናደው የመጡም ነበሩ። አንድ ሰው ፊቷ ቆሞ፣ «ቤቴን ማን ወሰደው?» ብሎ ጮኸባት። ኡባህ የሰውየውን ስም ነገረችው። ጩኸቱ እዚያ ላይ ቆመ፤ ስሙን ከሰማ በኋላ ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም። ኢዩ ራሱ የመጣው በመጨረሻ ነው። ስለ ሻይ ቤቱ አንዳች አልጠየቀም። ሚስቱ ያፈላችውን ሻይ በወተት በቴርሞስ ይዞ መጥቶ፣ «የእኛን አገር ሻይ እዚህ የሚያውቅልን የለም፤ እስኪ ቅመሺና ፍረጂ» አላት።

አዮ ሻሼ ይህን ሁሉ ከኢዩ ቤት ሆነው ይሰሙ ነበር። ሱሃይላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዚያ በኩል እያለፈች ትጠይቃቸዋለች። «ሰው ሁሉ እየሄደ ነው አሉ?» ይሏታል። «አዎ አዮ፤ እርስዎስ አይመጡም?» ስትላቸው፣ ፀጉሯን መጎንጎን ይጀምራሉ።

ኡባህ ዓይኗን ተሠርታ የመጣች በማግስቱ ኢፍራህ መድኃኒት ልትገዛ ወጣች፤ ሰብሪና ኮሌጅ፣ ጠሃ ሥራ ነበሩ። ሑስና ሱቋን ዘግታ ቀርታ፣ ከቤቱ ጎን፣ በቆርቆሮ ከተከለለው ቦታ ሆና ልብስ ታጥባለች። ኡባህ ደጅ ተቀምጣለች፤ ቀኝ ዓይኗ በፋሻ ታስሯል፣ ግራው እንደሆነ ከጥላ በቀር አያይም።

የሴት እርምጃ ተሰማ። ሑስና በቆርቆሮው ቀዳዳ ብታይ አዮ ሻሼ ናቸው። የደም ግፊት ኪኒናቸውን ረስተው ሄደው ነበር፤ ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ጠብቀው መምጣታቸው ነው። ኡባህን ደጁ ላይ ሲያዩ ቆሙ። ለመመለስም ለመግባትም አልሆነላቸውም።

«ሑስና፣» አለች ኡባህ ወደ ጥላው ዞራ፣ «ቢዮ ስጪኝ እስኪ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ።»

ሑስና ብድግ ልትል ነበር። ምን እንደያዛት አታውቅም፤ የእጇ ሳሙና እየተንጠባጠበ ባለችበት ቀረች። ከውስጥ የጀሪካን ክዳን ሲከፈት፣ ውሃ ሲቀዳ ሰማች። ከዚያ የአዮ ሻሼ ድምፅ፣ በሶማሊኛ፦

«እንኪ። ቀስ ብለሽ ያዢው።»

ኡባህ ኩባያውን ተቀበለች፤ አልጠጣችም። «የሑስና ድምፅ አይደለም» አለች። «ማን ነሽ?»

«የጃራ እናት ነኝ።»

ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩንባ ተሰማ። ኡባህ ኩባያውን ከጎኗ፣ መሬቱን በእጇ ፈልጋ አስቀመጠችና ልትነሳ ሞከረች።

«ተቀመጪ» አሉ አዮ ሻሼ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለሑስና በር ከፈትሽላት። ለጃራስ?»

«ሆዮ፣ ጃራ የእኔን በር አላንኳኳም።»

«ቢያንኳኳስ?»

«እከፍትለት ነበር።»

«በምን አውቃለሁ?»

«አታውቂም» አለች ኡባህ። «እኔም ማሳያ የለኝም። በጆሮዬ የሰማሁትን ልንገርሽ ካልሽኝ ግን፣ በዚያ ቀን በእኛ መንገድ ሁለት ሌላ በር ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። ሄጄ የራሴን በር አልከፈትኩላቸውም። ውስጥ የያዝኳቸው ሰዎች ነበሩ፤ ፈራሁ። ይኼ ጃራ አይደለም፤ ጃራ በሌላ በኩል ነው የነበረው። ግን የሰው ልጅ ነው። እሱን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።»

ሑስና ይህን ሰምታ አታውቅም። ውስጥ የተያዙት እነሱ ነበሩ። የታጠበውን ልብስ እንደያዘች ጀርባዋን ለቆርቆሮው ሰጠችና ቁጭ አለች።

አዮ ሻሼም ደፉ ላይ ተቀመጡ፤ ከኡባህ ትንሽ ራቅ ብለው። ሲያለቅሱ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ሑስና ያወቀችው ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ነው። ኡባህ አላባበለቻቸውም፣ እጇንም አልዘረጋችም።

«የት እንደተቀበረ ታውቂያለሽ?» አሉ በኋላ።

«አላውቅም።»

«ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

«አልጠየቅኩም። ፈርቼ።»

«አሁን ጠይቂልኝ። ዓይንሽ ሲድን።»

«እጠይቃለሁ» አለች ኡባህ።

አዮ ሻሼ ኪኒናቸውን ወስደው ሄዱ። ሑስና ምንም እንዳልሰማ ሰው ልብሷን አሰጣችና፣ ወደ ኡባህ ስትመጣ ኩባያው ባዶ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አሮጊቷ ጓዛቸውን በራሳቸው ተሸክመው በሩ ላይ ቆሙ። ጠሃ ሮጦ ተቀበላቸው። ምን ሊሉ ነው ብሎ ሁሉም ሲጠብቅ፣ «የኢዩ ሚስት ታንኮራፋለች፤ እንቅልፍ አጣሁ» ብለው ገብተው ፍራሻቸውን አነጠፉ። ሰብሪና ሳቋን ለመደበቅ ውጭ ወጣች።

በዚያን ቀን የኡባህ ፋሻ ተነሳ። ዓይኗን ስትገልጥ ብርሃኑ አስነጠሳት። ከዚያ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሑስናን፣ ጠሃን፣ ያን ጊዜ ጆንያ ኋላ የተደበቀችውን ሰብሪናን። ሱሃይላ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ሰበረች። አዮ ሻሼ ጥግ ተቀምጠው ስለሚያዩ ነበር። «ተናገሪው፤ እሱን ትመስላለች» አሉ አሮጊቷ በሶማሊኛ። ሱሃይላ ቋንቋውን አታውቅምና ምን እንዳሉ ለማወቅ የአጎቷን ፊት አየች። ጠሃ ግን እናቱ በዚያ ቋንቋ ሲናገሩ መስማቱ አስደንግጦት ሊተረጉምላት አልቻለም።

ኡባህ ወደ አገሯ ተመለሰች። ሁለት ወር ያህል ድምጿ ጠፋ። አዮ ሻሼ ምንም አይሉም፤ ግን የሑስና ስልክ ሲጠራ ቀና ይላሉ። አንድ አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ተደወለ፤ ስልኩን አዮ ሻሼ ተቀበሉ። ኡባህ ጠይቃ ነበር፤ ሽማግሌ ጠይቃለች፣ መቃብር ቆፋሪ ጠይቃለች። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው አንድ ላይ የተቀበረበት ቦታ አሳይተዋታል፤ ማን ከማን ጋር እንደተኛ ግን የሚያውቅ የለም። «ጃራ እዚያ ይሁን አይሁን ልልሽ አልችልም፣ ሆዮ» አለች። «ቆሜ ዱዓ አድርጌያለሁ። እሱም ካለ ይደርሰዋል፤ ከሌለም ለሌሎቹ ነው።»

አዮ ሻሼ ስልኩን ለሑስና መልሰው ሰጧት። ቀኑን ሙሉ አልበሉም። ማምሻውን ግን፣ «እዚህ ነው የተቀበረው ብላ ብትዋሸኝ አምኜያት ነበር። አልዋሸችኝም» አሉ። ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ይደዋወላሉ። አሮጊቷ ስልክ ሩቅ አገር የሚደርሰው በጩኸት ይመስላቸዋልና ሶማሊኛቸው ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል። ስለ ጃራ የሚያወሩት አንዳንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ኡባህ ግራ ዓይኗን መቼ ልትሠራ እንደምትመጣ ነው። ይቅር ተባብለው እንደሆነ ሑስና አታውቅም። አንዴ ልትጠይቃቸው አስባ ተወችው።

በዓመቱ ኢፍራህ አዳማ ለመማር ተመደበች። ኡባህ ልጅቷ የምትከራይበት ቤት እንዲፈልጉላት ለሑስና ስትደውል ስልኩን ያነሱት አዮ ሻሼ ናቸው። «ምን ኪራይ?» ሲሉ ተሰሙ።

ጠሃ ጭንቅ አለው። «እማዬ፣ የት ትተኛለች? እኛ ራሳችን ተደራርበን ነው።»

«ከእኔና ከሱሃይላ ጋር ትተኛለች። ቀጭን ልጅ ናት። አንተ ደግሞ በዚህኛው በኩል ቆርቆሮ ቀጥልበት፤ ኢዩ የቀጠለ ጊዜ ማን ከለከለው?»

ጠሃ ቀጠለበት። ግድግዳውን ካቆመ በኋላ እናቱ መጥተው አይተው፣ መስኮት አላወጣህም፣ ልጅቷ በዚህ ሙቀት ልትሞት ነው ወይ ብለው ተቆጡ፤ እንደገና ቆርጦ መስኮት አወጣለት። ሑስና ገበያ ሄዳ የስፖንጅ ፍራሽ ገዛች። ነፋሱ ፍራሹን እንደ ሸራ እየገፋ እሷንም ሊወስዳት ሲል፣ የማታውቃት የአዳማ ሴት ሌላውን ጫፍ ይዛላት እስከ ባጃጁ አብራት ሄደች።

ኢፍራህ በመጣች በሳምንቱ አዲስ የተከራየች ሴት ከጎረቤት ብቅ አለች። ሰፈሩን ገና አልለመደችም፤ የማን ቤት የማን እንደሆነ እየጠየቀች ነበር። ኢፍራህ ደጅ ተቀምጣ ለሱሃይላ የሂሳብ ጥያቄ እያሳየቻት ነው።

«ይቺስ ልጅ የማን ናት?» አለች ሴትዮዋ።

አዮ ሻሼ ሽንብራ እየለቀሙ ነበር። ቀና አላሉም።

«የጎረቤታችን ልጅ ናት» አሉ።

ሴትዮዋ በየትኛው ቤት እንደሆነ ለማየት ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞረች። አሮጊቷ ተጨማሪ አልነገሯትም፤ ሽንብራውን ሰጥተው አብራ እንድትለቅም አስቀመጧት።